የተባረረው ባለዕዳ፦ አድሪያን ሙቱ 17 ሚሊዮን ዩሮ ክፈል የተባለው ለምንድን ነው?

ስለ ሩማንያዊው አጥቂ አድሪያን ሙቱ የሚጠየቅ የእግር ኳስ ተከታታይ አብዛኛውን ጊዜ «ኮኬይን ወስዶ 17 ሚሊዮን ዩሮ የተቀጣው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ሙቱ ኮኬይን መውሰዱን ራሱ አምኗል፤ 17 ሚሊዮን ዩሮው ግን ቅጣት አልነበረም። ለጥፋቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የጣለበት ቅጣት የሰባት ወር እገዳና 20 ሺህ ፓውንድ ነበር። ሚሊዮኖቹ የመጡት በሌላ በር ነው፤ ከሥራ ውል ሕግና ከአንድ ክለብ የሒሳብ መዝገብ። ነገሩን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ደግሞ ውሉን ያቋረጠው ክለቡ ሆኖ ሳለ ካሳ ከፋይ የሆነው የተባረረው ተጫዋች መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ የሙቱን የእግር ኳስ ሕይወት እየተከተለ ያንን እንቆቅልሽ ለመፍታት ይሞክራል። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሙቱ የተወለደው ጥር 8 ቀን 1979 በሩማንያ አርጄሽ አውራጃ በምትገኘው ካሊኔሽቲ ነው። በአውራጃው ዋና ከተማ ክለብ በአርጄሽ ፒቴሽቲ ጀመረ፤ ከዚያም ወደ ዲናሞ ቡካሬስት ተዛውሮ ብዙም ሳይቆይ በ2000 መጀመሪያ ላይ ኢንተር ሚላን ወሰደው። ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ኢንተር ከአቅም በላይ ነበር፤ በሊጉ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ወደ ቬሮና ሄደ። ቬሮና ተምሮ፣ በ2002 ፓርማ ሲገባ ግን ሙሉ አጥቂ ሆኖ ነበር። በአሰልጣኝ ቼዛሬ ፕራንዴሊ ሥር ከብራዚላዊው አድሪያኖ ጋር ተጣምሮ በተጫወተበት የ2002–03 የውድድር ዓመት በጣሊያን ከፍተኛው ሊግ በሴሪ አ ብቻ 18 ግቦችን አስቆጠረ። የሙቱን ችሎታ በአንድ ዓመት መመዘን ካስፈለገ ያ ዓመት ይበቃል፤ ከግራ ተነስቶ ወደ መሃል የሚቆርጥ፣ ቅጣት ምት የሚመታ፣ ተከላካይን ቆሞ አታልሎ የሚያልፍ አጥቂ ነበር።

በዚያው በጋ ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን ገዛ። አዲሱ ባለቤት ገንዘቡን ካፈሰሰባቸው የመጀመሪያ ተጫዋቾች አንዱ ሙቱ ሆነ። ቼልሲ ለፓርማ 22 ሚሊዮን 500 ሺህ ዩሮ ከፍሎ በነሐሴ 2003 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2008 የሚዘልቅ የአምስት ዓመት ውል አስፈረመው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ የዝውውሩን ዋጋና የውሉን ርዝመት፣ አንባቢ በአእምሮው ይያዛቸው፤ የኋላው ዕዳ የተሰላው በእነሱ ነው።

ጅማሬው የሚያስደስት ነበር። በሦስት የሊግ ጨዋታ አራት ግብ ያገባ አጥቂ ማንንም ያስጨበጭባል። ከዚያ በኋላ ግን ቀዘቀዘ፤ የውድድር ዓመቱን የጨረሰው በሊጉ በስድስት ግብ ብቻ ነው። በ2004 በጋ ጆዜ ሞሪንሆ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ቦታው ጠበበ። በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሙቱ ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጫወት ጤነኛ ነኝ ሲል ሞሪንሆ ተጎድቷል ብሎ ተከራከረው፤ የሁለቱ ንትርክም አደባባይ ወጣ። በዚያው ሰሞን ጥቅምት 1 ቀን እሱን ዒላማ ያደረገ ምርመራ ተካሂዶ በናሙናው ኮኬይን ተገኘ። ቼልሲ ጥቅምት 28 ቀን 2004 አሰናበተው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እስከ ግንቦት 18 ቀን 2005 የሚዘልቅ እገዳ ጣለበት፤ ፊፋም እገዳውን በዓለም ዙሪያ እንዲጸና አደረገ።

ቼልሲ ሙቱን በማባረሩ ደመወዝ ከመክፈል ተገላገለ፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት ጥቂት ወራት በፊት 22 ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ያወጣበትን ሀብት ሜዳ ላይ ጣለ ማለት ነው። የተባረረ ተጫዋች ውል የለበትም፤ ውል የሌለበትን ተጫዋች የሚወስድ ክለብ ደግሞ ለቀድሞው ክለብ የዝውውር ክፍያ አይከፍልም። በእርግጥም በጥር 2005 የጣሊያኑ ጁቬንቱስ ያለ ዝውውር ክፍያ ወሰደው። ጁቬንቱስ በዚያ ወቅት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ተጫዋች የተፈቀደለትን ቦታ ጨርሶ ስለነበር፣ ሩማንያም ኅብረቱን የተቀላቀለችው በ2007 ስለሆነ፣ ሙቱ መጀመሪያ በሌላው የጣሊያን ክለብ በሊቮርኖ ስም ተመዝግቦ ወዲያው ወደ ጁቬንቱስ ተዛወረ። ሊቮርኖ በወረቀት ላይ ለጥቂት ቀናት ክለቡ ሆነ። ይህች ትንሽ ዘዴ ከስምንት ዓመት በኋላ ሊቮርኖን ምን ያህል ራስ ምታት እንዳመጣችበት ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የክርክሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ውሉን ያፈረሰው ማን ነው?» የሚል ነበር። ለተራ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ የስንብት ደብዳቤውን የጻፈው ቼልሲ ነው። የሙቱ ጠበቆችም ያሉት ይህንኑ ነበር። የፊፋ ደንብ ካሳ የሚያስከፍለው ውሉን በአንድ ወገን ያፈረሰን ተጫዋች ነው፣ ደንበኛችን ደግሞ ውሉን አላቋረጠም፣ ሊጫወት ይፈልግ ነበር፣ የተባረረው እሱ ነው ብለው ተከራከሩ። የፕሪሚየር ሊጉ የይግባኝ ኮሚቴ በሚያዝያ 2005፣ መቀመጫውን በስዊዘርላንዷ ሎዛን ያደረገው ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት፣ በአጭር ስሙ ካስ፣ ደግሞ በታኅሣሥ 2005 ይህን ክርክር አልተቀበሉትም።

ምክንያታቸው በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ውልን ማፍረስና ውልን ማቋረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውል የሚፈርሰው አንዱ ወገን መሠረታዊ ግዴታውን በጣሰበት ቅጽበት ነው፤ ሌላው ወገን «እንግዲያውስ በቃን» ብሎ ደብዳቤ መጻፉ የዚያ ጥሰት ውጤት እንጂ ራሱ ጥሰት አይደለም። ቤት ተከራይቶ ኪራይ የማይከፍል ሰው አከራዩ ስላስወጣው ብቻ «ውሉን ያፈረሰው አከራዩ ነው» ሊል እንደማይችል ሁሉ፣ በተከለከለ ዕፅ ምክንያት ለመጫወት የማይችል ሆኖ የተገኘ ተጫዋችም የስንብት ደብዳቤውን መከታ ማድረግ አይችልም። ደብዳቤውን ማን ፈረመው የሚለው ጥያቄ ዋጋ አጣ፤ ዋጋ ያለው ደብዳቤው እንዲጻፍ ያደረገው ማን ነው የሚለው ሆነ። በእኔ አስተያየት በዚህ ነጥብ ላይ ዳኞቹን መውቀስ ይከብዳል። የሚያከራክረው ከዚህ በኋላ የመጣው፣ የካሳው ልክ ነው።

ቼልሲ በግንቦት 2006 ካሳ እንዲወሰንለት ለፊፋ አመለከተ። የፊፋ የአለመግባባት አፈታት ምክር ቤት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም አለ። ቼልሲ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2007 ካስ ሥልጣን አለህ በማለት መዝገቡን ወደ ፊፋ መለሰው። ምክር ቤቱ ግንቦት 7 ቀን 2008 የወሰነው ገንዘብ 17,173,990 ዩሮ ነው። በተጫዋች ላይ እንዲህ ያለ ገንዘብ ከዚያ በፊት ተወስኖ አያውቅም ነበር።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ሦስት ክፍሎች አሉት። 307,340 ዩሮው ለተጫዋቹ ከተከፈለው የፊርማ ገንዘብ ያልተሠራበት ድርሻ ሲሆን፣ 366,650 ዩሮው ደግሞ ለወኪል የወጣ ክፍያ ድርሻ ነው። የቀረው 16,500,000 ዩሮ ግን ከዝውውር ዋጋው የመጣ ነው፤ ይህን ለመረዳት ክለቦች የተጫዋችን ዋጋ በመዝገብ እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ድርጅት መኪና ሲገዛ ሙሉ ዋጋውን በተገዛበት ዓመት ወጪ አድርጎ አይመዘግብም፤ ለአገልግሎት ዘመኑ አከፋፍሎ በየዓመቱ የተወሰነውን ይቀንሳል። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን የእርጅና ተቀናሽ የሚሉት ነው። ክለቦችም ለዝውውር የከፈሉትን ገንዘብ በተጫዋቹ የውል ዘመን ላይ አከፋፍለው በዚያው መንገድ ይቀንሱታል። የሙቱ ውል አምስት የውድድር ዓመት፣ ማለትም 60 ወር ነበር። 22 ሚሊዮን 500 ሺህ ለ60 ሲካፈል በወር 375 ሺህ ዩሮ ይሆናል። ቼልሲ ሙቱን እስከ ጥቅምት 2004 ድረስ 16 ወር ተጠቀመበት ተብሎ ሲታሰብ የቀሩት ወራት 44 ናቸው። 44 በ375 ሺህ ሲባዛ 16 ሚሊዮን 500 ሺህ ይመጣል። ከባዱ የሕግ ክርክር መጨረሻ ላይ የቆመው በዚህች የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ነው።

ሙቱ ሐምሌ 31 ቀን 2009 በተሰጠው የካስ ፍርድም ተሸነፈ። ጠበቆቹ ካቀረቡት ክርክር ውስጥ በእኔ ዘንድ ክብደት ያለው፣ ቼልሲ ጉዳቱን ራሱ አብሶታል የሚለው ነው። ክለቡ ተጫዋቹን ሰባት ወር ጠብቆ ሊጠቀምበት ወይም ሊሸጠው ይችል ነበር፤ በነጻ እንዲሄድ የፈረደው ራሱ ነው፤ የፓርማው ገንዘብ ደግሞ ሙቱ ኮኬይን ወሰደም አልወሰደም አስቀድሞ የወጣ ገንዘብ ነው። ዳኞቹ በበኩላቸው ክለቡ ውሉን የጣሰን ሠራተኛ የማሰናበት መብት አለው፣ ያን መብት በመጠቀሙ ካሳውን አያጣም፣ ለአምስት ዓመት አገልግሎት የከፈለው ገንዘብ ለ44 ወር ያህል ከንቱ የቀረው በተጫዋቹ ጥፋት ነው አሉ። በሕጉ ሚዛን የዳኞቹ መልስ ይቆማል። ቢሆንም ከመዝገብ ዋጋና ከገበያ ዋጋ መካከል ልዩነት መኖሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2004 መኸር ላይ ከአሰልጣኙ ጋር የተጣላ፣ ከቋሚዎቹ ውጭ የሆነ አጥቂ ገበያ ቢወጣ በእርግጥ 16 ሚሊዮን ተኩል ያወጣ ነበርን?

ውሳኔው ያስደነገጠበትን ምክንያት ለመረዳት በዚያው ዘመን የተወሰኑ ሌሎች ሁለት ጉዳዮችን አጠገቡ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ስኮትላንዳዊው ተከላካይ አንዲ ዌብስተር ውሉን ራሱ አቋርጦ ከሃርትስ ወደ ዊጋን ሄዶ በጥር 2008 ካስ የወሰነበት 150 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው፤ መለኪያው የቀረው ደመወዙ ነበር። ብራዚላዊው ማቱዛሌም ሻክታር ዶኔትስክን ጥሎ ወደ ዛራጎዛ ሲሄድ በግንቦት 2009 የተወሰነበት 11,858,934 ዩሮ ሆነ፤ እዚያ ደግሞ ዳኞቹ የአገልግሎቱን የገበያ ዋጋ መዘኑ። ሁለቱ በገዛ ፈቃዳቸው የሄዱ ናቸው። ሊሄድ ያልፈለገውና የተባረረው ሙቱ ከሁለቱም በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። ሕጉ እርስ በርሱ ይጋጫል ለማለት ባያስደፍርም፣ የመለኪያው ምርጫ ገንዘቡን በብዙ እጥፍ ሊያሳድገው እንደሚችል ያሳያል።

በዋናው ገንዘብ ላይ ከመስከረም 12 ቀን 2008 ጀምሮ በዓመት አምስት በመቶ ወለድ ተጨመረ። ይህ በዓመት ከ858 ሺህ ዩሮ፣ በቀን ከ2,300 ዩሮ በላይ ነው። ሰውየው በተኛበት የሚወልድ ዕዳ ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ሜዳ መመለስ ይገባል፤ ምክንያቱም መዝገቡ ከካስ መቀመጫ ሎዛን ወደ ፊፋ መቀመጫ ዙሪክ ሲመላለስ ሙቱ ግብ ማስቆጠሩን አላቆመም። ጁቬንቱስ በዳኛ ምደባ ቅሌት ዋንጫዎቹን ተነጥቆ በ2006 ወደ ሴሪ ቢ ሲወርድ፣ ሙቱ የፓርማ አሰልጣኙ ፕራንዴሊ ወደነበረበት ወደ ፊዮረንቲና ተሻገረ። በመጀመሪያው ዓመት 16፣ በሁለተኛው 17 የሊግ ግብ አገባ፤ በ2008 ክለቡ በሴሪ አ አራተኛ ወጥቶ ለሻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ በቃ። እንግዲህ ፊፋ ከ17 ሚሊዮን በላይ ክፈል ያለው በግንቦት 2008፣ ልክ በዚህ ከፍታው ላይ ነው። በቀጣዩ ወር ሩማንያ በአውሮፓ ዋንጫ ጣሊያንን ስትገጥም ዙሪክ ላይ ቀዳሚውን ግብ ያገባው እሱ ነበር። ክርስቲያን ፓኑቺ ወዲያው አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ደግሞ ሙቱ ፍፁም ቅጣት ምት አግኝቶ ጃንሉጂ ቡፎን አዳነበት። ሩማንያውያን ከሚሊዮኖቹ ይልቅ ያቺን ኳስ የሚያስታውሱ ይመስለኛል።

በጥር 2010 ሲቡትራሚን በተባለ የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ ንጥረ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ ተይዞ ዘጠኝ ወር ታገደ። ይህ ከቼልሲው ጉዳይ ጋር የሕግ ግንኙነት የለውም፤ ብዙዎች ግን ሁለቱን ያደባልቃሉ። ከዚያ በኋላ ቼዜና፣ የፈረንሳዩ አጃክሲዮ፣ የሩማንያው ፔትሮሉል፣ የሕንዱ ፑኔ ሲቲ፣ በመጨረሻም በ2016 የሩማንያው ቲርጉ ሙሬሽ። በመጋቢት 2013 ቡዳፔስት ላይ በሃንጋሪ መረብ ላይ ያሳረፋት ፍፁም ቅጣት ምት 35ኛ ግቡ ሆና ከጆርጅ ሃጂ የብሔራዊ ቡድን ክብረ ወሰን ጋር እኩል አደረገችው። 36ኛዋ አልመጣችም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሰልጣኙን ቪክቶር ፒትሱርካን በሚስተር ቢን መልክ የሚያሳይ ፎቶ በፌስቡክ ገጹ ላይ ለጥፎ ከቡድኑ ተባረረ። ለሁለተኛ ጊዜ ተባረረ ማለት ነው፤ ያኔ ግን ካሳ የጠየቀው አልነበረም።

አንባቢ «ይህን ሁሉ ዕዳ ተሸክሞ እንዴት ሊጫወት ተፈቀደለት?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊፋ ካሳ የማይከፍልን ተጫዋች እስኪከፍል ድረስ የማገድ ደንብ ነበረው። በመጋቢት 2012 የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት በማቱዛሌም ጉዳይ ላይ ይህን ሻረው። አንድን ሰው መክፈል የማይችለውን ገንዘብ እስኪከፍል ሥራ እንዳይሠራ ማገድ የግል ነጻነቱን ከሥር መንቀል ነው፤ በዚያም ላይ የሚከፍልበትን እንጀራ መንጠቅ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ።

ቼልሲ በዚህ ጊዜ ዓይኑን ወደ ሌሎች ኪሶች አዞረ። በ2001 የወጣው የፊፋ ደንብ፣ ካሳ የተወሰነበት ተጫዋች በአንድ ወር ውስጥ ካልከፈለ አዲሱ ክለቡ አብሮ ተጠያቂ ይሆናል ይል ነበር። ፊፋ ይህን ተከትሎ በ2013 ጁቬንቱስንና፣ አዎ፣ ለጥቂት ቀናት ስሙን ያዋሰውን ሊቮርኖን በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም ሙሉው ዕዳ ከሁለቱም ሆነ ከአንዳቸው ሊጠየቅ እንዲችል፣ ተጠያቂ አደረጋቸው። ሁለቱ ክለቦች ይግባኝ ብለው ጥር 21 ቀን 2015 ካስ ነጻ አወጣቸው። ዳኞቹ እንዳሉት ደንቡ የተጻፈው ተጫዋች አባብሎ ውል የሚያስፈርስን ክለብ ለመግታት ነው። ቼልሲ ግን ተጫዋቹን አልፈልግህም ብሎ በገዛ እጁ አሰናብቷል፤ ከዚያ በኋላ ያነሳው ክለብ ያባበለው ነገር የለም። በ2005 ዋጋ ያጣው «ያባረረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ አገኘ። ዋጋ ያገኘው ግን ለክለቦቹ እንጂ ለተባረረው ሰው አልነበረም። ዕዳው ሙሉ በሙሉ በሙቱ ትከሻ ላይ ቀረ።

ለሙቱ የቀረው በር የዳኞቹን ገለልተኝነት መጠየቅ ነበር። የ2009ኙን ፍርድ ከሰጡት ሦስት ዳኞች አንዱ በ2005ቱም ችሎት ተቀምጦ ነበር፤ ሰብሳቢው ደግሞ የሚሠራበት የሕግ ቢሮ ከቼልሲ ባለቤት ጥቅም ጋር ይገናኛል የሚል አቤቱታ ቀረበበት። የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሰኔ 2010 አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ሙቱ ስዊዘርላንድን ስትራስቡርግ በሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ከሰሰ። የእሱ መዝገብ ከጀርመናዊቷ የበረዶ ላይ ሯጭ ክላውዲያ ፔሽታይን መዝገብ ጋር ተጣምሮ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ለያይቶ አያቸው። ፔሽታይን ግልግሉን ካልተቀበለች በሙያዋ መወዳደር ስለማትችል ምርጫ አልነበራትም፤ ሙቱ ግን ሌላ መንገድ ሊደራደር ይችል ነበር አለ። ቢሆንም ዳኛውን በጊዜው ስለተቃወመ መብቱን እርግፍ አድርጎ ትቷል ሊባል እንደማይችል ተቀበለለት። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ መዝኖ፣ ሰብሳቢው ላይ የቀረበው በማስረጃ አልተደገፈም፣ የሌላኛው ዳኛ በሁለቱም ችሎት መቀመጥም የተነሱት የሕግ ጥያቄዎች የተለያዩ ስለሆኑ አያስነቅፍም በማለት፣ አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ መብቱ አልተጣሰም ብሎ ፈረደ።

ፔሽታይን ችሎቱ በግልጽ እንዲካሄድላት ጠይቃ ስለተከለከለች መብቷ ተጥሷል ተብሎ 8,000 ዩሮ ተፈረደላት። ሙቱ ምንም አላገኘም። ቼልሲ ሲያባርረው 25 ዓመቱ ነበር፤ የስትራስቡርጉ ፍርድ ሲነበብ 39 ዓመት ሞልቶት ጫማውን ከሰቀለ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።